አሥራ አንድ

ታልካዋኖ ወደብ፣ ኮረብታው ጫፍ ላይ፣
ቆርቆሮ የለበሰች፣ ባሕሩን የምታይ፣
አንዲት ጠባብ ቤት አለች፣ ቀለሟ የነጣ፣
በበሯ ስንጥቅ የዓሣ ሽታ የሚመጣ።

በዚያች ቤት ማዕድ አለ፣ «አሥራ አንድ» የሚሉት፤
ሻይና ዳቦ ነው፣ አቮካዶ የቀቡት።
ለምን እንዲህ ተባለ? ቢሏቸው አያውቁም፤
የግድግዳው ሰዓት አምስት ይላል፣ አይዋሽም።
እኔን ግን ደስ አለኝ፤ በአገሬ አቆጣጠር
ልክ አሥራ አንድ ነው፣ ጀንበር ስትዘነብል ወደ ባሕር።

ኤሌውቴሪዮ አባት ነው፣ የአውቶቡስ ሾፌር፤
ኮፍያውን ይሰቅላል፣ ምስማሩ ላይ ከበር።
ኖልቪያ እናት ናት፣ የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ፣
ከሦስቱም ፎቅ ወሬ ለቃሚ፣ ሰብሳቢ።
ኒባልዶ አሥራ ስድስት፤ ቃል ከአፉ በልመና።
ጥያቄ ሳያላምጡ ሌላ ታጎርሳለች፣ ስምንት ዓመቷ ያስና።
የጠረጴዛው አንድ እግር አጭር ነው፣ ይወላገዳል፤
የድሮ የአውቶቡስ ትኬት ታጥፎ ከሥሩ ተወሽቋል።

ምን ያወራሉ? ምንም። የጋዝ ዋጋ ጨመረ፤
የጎረቤቱ ውሻ ሌላ ቤት አደረ፤
መምህሯ ስታስነጥስ ጠመኔው ተሰበረ።
የሚጻፍ ቁም ነገር አንድም የለበትም፤
ግን እንደ ጨው ነው፣ ሲጎድል እንጂ ሲኖር አይታወቅም።

የአባትየው ድርሻ ዶን አቤሊኖ ነው፤
ከመካነ መቃብሩ ፌርማታ የሚሳፈረው፣
እርግብ በሽቦ ቤት ይዞ «ለእሷም ትኬት ቁረጥ» የሚለው።
«ዛሬስ ምን አለ?» ትላለች ያስና በየማታው፤
ድምፁን እንደ ሽማግሌው አሻክሮ ይመልሳል አባትየው።

አንድ ሐሙስ ያው ጥያቄ መጣ፤
ያው መልስ፦
«ዛሬም ተሳፈረ፤ ከእርግቢቱ ጋር ተኮራርፎ ተቀመጠ።»
ያስና ሳቀች። የኖልቪያ ቢላ ግን ዳቦው መሐል ቀረ፣ አልቆረጠ።

ሰኞ ነበር ያየችው፤ ሁለተኛው ፎቅ፣ አልጋ አሥራ ሦስት፤
አቤሊኖ ተኝቶ፣ የአየር ቱቦ አፍንጫው ውስጥ ገብቶበት።
«አዲሱ ሾፌር» አላት፣ «ሰላምታ አያውቅም፤
ያንቺው የት ሄደ?»
አንሶላውን አጠፈች፤ አልመለሰችም።

አሁንም ልትናገር ትችል ነበር። ዳቦውን ቆርጣ ጨረሰች፤
«ቅቤ ጨምርበት፣ ደርቋል» ብቻ አለች።

የተናገረው እሱ ነው፣ ቃል የሚለመነው ኒባልዶ፤
ስኒውን አዙሮ አዙሮ፣ ዓይኑ ከመስኮቱ ማዶ፣
«መረብ ጠጋኞቹ ሰው ይፈልጋሉ፤
በየማለዳው አግዳሚው ላይ የሚቀመጠው
አባትህ ነው ወይ አሉ።»

ማንቆርቆሪያው አፏጨ፤ ተነሥታ ያወረደችው የለችም።
ያስና አፏን ከፈተች፤ ጥያቄ ግን አልወጣትም።
ኤሌውቴሪዮ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ አረፈ፤
ትኬቱ ከእግሩ ሥር ሾልኮ፣
ሻዩ ወደ እሱ አዘንብሎ ከስኒው ጠርዝ አለፈ።

«ሁለት ሳምንቴ ነው» አለ።

ከዚያ አወራ፤ ድምፁን ሳያሻክር፣ በገዛ ድምፁ፤
ቁልፉን ስላስረከበበት ጠዋት፣
ስለ ቀዝቃዛው አግዳሚ፣
ምሳውን ከእጁ ስለነጠቁት የባሕር ወፎች፣
ሽማግሌውን ቁጭ ብሎ ሲፈጥረው ስለዋለባቸው ቀኖች።
«ባዶ እጅ ይለመዳል» አለ፤
«ባዶ አፌን ወደ እናንተ ለመምጣት ነው ያፈርሁት።»

«አይዞህ» ያለው ሰው የለም።
ኖልቪያ የዳቦውን ጫፍ፣ እሱ የሚወደውን ቅርፊት፣
ከራሷ ሳህን አንሥታ እሱ ሳህን ላይ አኖረችው።
ኒባልዶ ጎንበስ ብሎ ትኬቱን ፈለገ፤ አራት አጥፎ ወሸቀው።

በእኔ አቆጣጠር አሥራ ሁለት አልፏል፤
ማዕዱ ግን አሁንም አሥራ አንድ ይባላል።
መብራት ያበራ የለም፤
የወደቡ መብራት በመስኮቱ ገብቶ ቢላው ላይ ይውላል።

«እሺ፣ እርግቧስ?» አለች ያስና በመጨረሻ።
«እሷን አሁን ማን ያበላታል?»